የታጠበችው ቅጠል

የአባቴን መዝገብ ለመካነ ሰላም የታሪክ ማኅበር በእጄ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ከመዝገቡ ቅጠሎች አንዷ ለምን ነጭ እንደሆነች የማውቀውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ማስረከቤ በየዓመቱ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ይነገርልኛል። የነጯን ቅጠል ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዋጥ አድርጌ ኖርኩ።

ማኅበሩ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ገበየሁ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታሪክ ያስተማሩ፣ የከተማውን ግማሽ ጆሮውን እየቆነጠጡ ያሳደጉ ሰው። ጸሐፊዋ የዓለምዘርፍ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሽማግሌ ባየች ቁጥር ስልኳን አውጥታ ድምፅዎን ካልቀዳሁ የምትል። በክፍሏ ውስጥ የድሮው ፖስታ ቤት ማኅተም፣ የዳኛ ወንበር፣ የተበጠሰ የበቅሎ ልጓም፣ ከየቤቱ የተለመነ ፎቶግራፍ አለ። ከሁሉም የሚከበረው የአባቴ መዝገብ ነው። በስልሳ አምስትና በስልሳ ስድስት ረሃብ ከቆላው ወጥተው በደብራችን ቅጥር ሥር የወደቁ ሰዎች ስም የተጻፈበት ብራና ነው።

በየዓመቱ ኅዳር ውስጥ ማኅበሩ ስሞቹን ያስነብባል። ቄስም ሼህም ተገኝተው ይመርቃሉ፤ ከአቀስታም ከደጎሎም በሚኒባስ የሚመጣ አለ። የዘመዱን ስም የሰማ ያለቅሳል፣ ያልሰማ ለከርሞ ያገናኘን ብሎ ይሄዳል። ንባቡ ነጯ ቅጠል ላይ ሲደርስ ጋሽ ገበየሁ መዝገቡን ከፍ አድርገው ይይዙና፣ «ይህችን ቅጠል የኔታ ሆን ብለው ባዶ ተዉአት፤ ስማቸው ላልታወቀ ወገኖቻችን» ይላሉ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ ዝም ይላል። ነገሩ በማኅበሩ መጽሔት ታትሟል፣ የትምህርት ቤት ልጆችም በቃላቸው ይወጡታል። እኔም ከኋላ ወንበር ተነሥቼ አብሬ ዝም እላለሁ።

የኔታ የሚሏቸው አባቴ ሆን ብለው አልተዉአትም። ያጠብኳት እኔ ነኝ፤ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ኃይለ ማርያም ድጓ አስተማሪም ቁም ጸሐፊም ነበሩ። ያን ዓመት አንድ ባለጠጋ ዳዊት አዝዟቸው ብራናውን ፍቀው፣ አለስልሰው፣ መስመሩን በወስፌ አስምረው ጨርሰዋል። ቀለሙን ቤት ውስጥ ነበር የሚበጠብጡት፤ ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት፣ አርሮ የተወቀጠ ገብስ፣ ሙጫና ውሃ። ማሰሮው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ለሳምንታት ይከረፋል፤ የልጅነቴ ሽታ እሱ ነው።

በዚያ ክረምት እናቴ ወለተ ማርያም የገብሱን ቁና ደረቷ ላይ ታቅፋ አባቴ ፊት ቆመች። «ሰው በእፍኝ ገብስ እጦት እየሞተ አንቱ ገብስ አሳርረው ለቀለም ሊያደርጉት ነው?» አለቻቸው። አባቴ ቁናውንም እሷንም አዩና፣ «እንግዲያው ያለ ገብስ ይሁን» አሉ። ያለ ገብስ የተበጠበጠ ቀለም ብራና አይነክስም፤ ላዩ ላይ ያርፍና ውሃ ሲነካው ይሄዳል። ይህን ያኔ እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ያውቁ ነበር።

ሰዎቹ መምጣት የጀመሩት በሐምሌ ነው። ጠዋት ስንነሣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አሥር ሰው ተኝቶ እናገኛለን፤ በማግሥቱ ሃያ። ዝናቡ ሳያባራ ይወርዳል፤ የረጠበ ጨርቅና የሳል ድምፅ እቤታችን ድረስ ይገባል። እናቴ ወደዚያ እንዳልሄድ ከልክላኝ ነበር። ስለዚህ በየቀኑ ሄድኩ።

አባቴም በየቀኑ ይሄዳሉ። ከቅዳሴ መልስ የዳዊቱን ብራና ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የቀለሙን ቀንድ መሬት ላይ ተክለው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተጠጉ ይጠይቃሉ። «የክርስትና ስምሽ ማነው? የእናትሽስ? አገርሽ ወዴት ነው? ማን ቀረሽ?» እስላም ከሆነ የአባቱንና የአያቱን ይጠይቁታል። ይጽፋሉ። እኔ ከቅጥሩ የጽድ ዛፍ ጀርባ ሆኜ አያለሁ። በማግሥቱ ስመለስ ትናንት የተጻፉት በሳንቃ ተይዘው ወደ ጉድጓዱ ሲሄዱ አገኛለሁ። ሁሉም አይደሉም፤ የሚበዙት ግን እነሱው ናቸው። የተጻፈ እንደሚሞት፣ ሰባት ዓመት ለሆነው ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን ያስፈልገዋል?

የጎረቤታችን የእማማ አልታየች ነገር ደግሞ አለ። በአጥር ላይ ለእናቴ እህት ሲያንሾካሹኩ ሰምቻቸዋለሁ። «የክርስትና ስም ከነእናት ስም ለሌላ ለምን ይሆናል? ኮከብ ለመቁጠር አይደል እንዴ። ያረቢ፣ ሰው እኮ አይቆጠርም። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ሰባ ሺህ ሰው በመቅሰፍት አለቀበት፤ ራሳቸው የኔታ አይደሉም ያስተማሩን።» አክስቴ አማተበች። እኔም አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ አማተብኩ።

እማማ አልታየች ክፉ ሰው አልነበሩም። የተማረ ደብተራ ሁሉ ይፈራ ነበር፤ እሳቸውም እንደ ሰዉ ፈሩ። አባቴ የክርስትና ስም የሚጠይቁት ያለዚያ ፍትሐት ስለማይደረስ ነው። የእስላሞቹን ስም ዓርብ ዓርብ ለሼሁ ይነግሩላቸዋል። አገርና የቀረ ዘመድ የሚጽፉት፣ አንድ ቀን መርዶ የሚጠብቅ ሰው ይመጣል ብለው ነው። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ከሁሉ የባሰው የመጣው ከወረዳው ነው። አንድ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሹም ጭቃውን ደጃፋችን ላይ እያራገፈ ገባ። እኔ ከጓዳ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ።

«የኔታ፣ ይህን ጽሑፍ ይተዉልን» አለ። «እኛ ለበላይ የጻፍነው በወረዳው የሞተ ሰው የለም ብለን ነው።»

«እኔ የቀበርኩትን ነው የምጽፍ» አሉ አባቴ።

«ያልተጻፈ ሰው አልሞተም። እርስዎ ነዎት እየገደሉብን ያሉት።»

«ልጄ፣ የእኔ በላይ ሌላ ነው» አሉት። ሹሙ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። እኔ መጋረጃው ሥር ደርቄ ቀረሁ። አንድ የመንግሥት ሰው፣ ጫማ ያደረገ፣ አባቴ ሰው እየገደሉ መሆናቸውን ፊት ለፊት ነግሯቸው ነበር፤ አባቴም አልገደልኩም አላሉም። አባቴን እወዳቸዋለሁ። የሚጽፉት አንድ ነገር አስገድዷቸው ይሆናል እንጂ ወደው አይደለም ብዬ አሰብኩ። ያም ሆኖ ያን ዕለት ራቴን አልበላሁም።

ከጽዱ ሥር ብርሀንነሽ የምትባል ሴትና ልጇ ይታይሽ ነበሩ። ይታይሽ የእኔ እኩያ ናት። እግሯ አብጧል፤ እጇ ግን ፈጣን ነው፤ ቅልብልቦሽ ስንጫወት አንድ ቀን አሸንፌአት አላውቅም። በቀሚሴ ጠርዝ ቋጥሬ እፍኝ የማይሞላ ቆሎ እወስድላታለሁ። ግማሹን ለእናቷ ታጎርሳለች፣ የቀረውን አንድ አንድ እያለች ትቆረጥማለች። ወንድም አላት፣ ካሳ የሚባል። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ለቀን ሥራ ወርዷል፤ እህል ይዞ ይመጣል። ይህን በየቀኑ ትነግረኛለች፣ እኔም በየቀኑ አዲስ እንደሆነ ሰምቼ መቼ ነው እላታለሁ።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ጽዱ ሥር ደረሱ። ለይታይሽ ስምሽን አትንገሪ ብዬ ከጀርባቸው በእጄ አፌን ከደንኩላት። አልገባትም። እናቷ ደግሞ ማንም ሳያስገድዳት ቀና ለማለት ሞከረች።

«ይጻፉልኝ የኔታ» አለች። «ብርሀንነሽ ነኝ። የክርስትናዬ ወለተ ኪዳን። አገሬ ሾላ ሜዳ። ልጄ ካሳ ይባላል። ሲመጣ እዚህ ነበረች ይበሉልኝ። ይህችም ይታይሽ ናት፤ እሷንም ይጻፉልኝ።»

አባቴ ሁለት ጊዜ አስደግመው ጻፉ። ከጻፉ በኋላ የሴትዮዋን ግንባር በመስቀል ዳሰሱ። እኔም ጓደኛዬ ነገ በሳንቃ እንደምትሄድ እርግጠኛ ሆንኩ።

ጽሑፍ ታጥቦ ሲጠጣ ሰው እንደሚያድን የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም። አባቴ ለታመመ ሰው ጸሎት ጽፈው በጠበል አጥበው ያጠጣሉ። ሼሁ ዘንድ ቁርኣን የሚቀሩት ልጆችም ሉሃቸውን፣ የሚጽፉበትን ሰሌዳ፣ አጥበው እጣቢውን ለበረካ ይጠጡታል። የጻፈው ከገደለ፣ ያጠበው ያድናል። ዓርብ ዕለት አባቴ ለቅዳሴ እንደገቡ መዝገቡን ከነማኅደሩ ከችካሉ አወረድኩ፤ ቅል ይዤ ከደብሩ ሥር ወዳለው ጠበል ወረድኩ።

የትላንቷን ቅጠል አወቅኋት፤ የመጨረሻዋ ናት። ያኔ ፊደል እንጂ ንባብ አልደረስኩም፤ የይታይሽን «ይ» ብቻ ፈልጌ አገኘሁ። አሥራ ዘጠኝ መስመር ነበር። ለይታይሽ ብቻ ማጠብ ነውር መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ሁሉንም ላድናቸው ብዬ ውሃውን በእፍኜ እያፈሰስኩ በመዳፌ አሸሁት። ቀለሙ እንደ ጭቃ ለቀቀ። እጄ በረዶ ሆነ፤ አላቆምኩም። እጣቢውን እንዳይፈስ በቅሉ ተቀበልኩ። ቅጠሏን በቀሚሴ አደራርቄ መዝገቡን ማኅደሩ ውስጥ መልሼ ሰቀልኩ። በዕድሜዬ ያን ያህል ተጠንቅቄ የሠራሁት ሌላ ሥራ የለም።

ጽዱ ሥር ስደርስ ብርሀንነሽን ፊቷን ሸፍነዋታል። ዘግይቻለሁ ማለት ነው። ይታይሽ ከራስጌዋ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም። ቅሉን አፏ ላይ ደቀንኩላት።

«ምንድነው?» አለችኝ።

«ጠበል ነው።»

«ጥቁር ነው እኮ።»

«ጠጪው። እስከ ታች ጠጪው» አልኳት። ጠጣችው።

በማግሥቱ አባቴ በተስቦ ወደቁ። እኔ ገባኝ፤ መዝገቡ የጎደለበትን ነፍስ ከእሳቸው ሊወስድ ነው። ለሁለት ወር ከእግራቸው ሥር አልጠፋሁም። ጎረቤቱ ሁሉ፣ አቤት ይህች ልጅ ለአባቷ ያላት ፍቅር ይል ነበር። ፍቅርም ነበር፣ ውሸት አይደለም፤ ግን ጥፋተኛነትም ነበር። አባቴ ተረፉ። ከተረፉ በኋላ መጻፋቸውን በአዲስ ጥራዝ ቀጠሉ፤ የድሮውን ገልጠው አላዩም።

ይታይሽም ተረፈች። አባቴ ትኩሳት ላይ እያሉ አንድ ረፋድ ገበያው ዳር ቆዳ የጫኑ በቅሎዎች ተሰልፈው አየሁ። ያን ዓመት ከብቱ ስላለቀ ቆዳ ርካሽ ነበር፤ ነጋዴው ከደሴ ድረስ ይመጣል። ጀብሪል የሚባለው ነጋዴ ሚስቱን በለጡን ይዞ መጥቶ ነበር። የደብሩ ዘበኛ አባ ንጉሡ ይታይሽን አቅፈው ለሴትዮዋ ሰጧት፤ ሴትዮዋም በበቅሎ ላይ ሆና በፎጣዋ ጠቀለለቻት። ጭነት የሚያስረውን ሰው ወዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ደሴ። ወይዘሮ በለጡ ልጅ የላቸውም፤ አሏህ ሰጣቸው» አለኝ። አባ ንጉሡ በዚያው ተስቦ ሞቱ። ይታይሽ የት እንደሄደች የሚያውቅ በከተማው እኔ ብቻ ቀረሁ።

አዳንኳት ብዬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ለዓመታት ብቻዬን ስኮራበት ኖሬአለሁ። ያዳናት የወይዘሮ በለጡ እህልና ወተት ነው። እኔ ያጠጣኋት ጥላሸት ነው።

ካሳ የመጣው በስልሳ ስምንት ነው። ንጉሡ ወርደዋል፤ መሬት ላራሹ ታውጇል፤ ዘማች ተማሪዎች ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በካኪ ልብስ እየዘመሩ ይሰለፋሉ። የደብሩ መሬት ተወስዶ የአባቴ ተማሪዎች በየአገራቸው ተበትነዋል። በደጃፋችን አንድ ቀጭን ጎረምሳ ስልቻ ተሸክሞ ቆመ። ጎጃም ወባ ጥሎት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተኝቷል።

«የሰው ስም የሚጽፉ የኔታ አሉ ብለውኝ ነው» አለ። «እናቴ ብርሀንነሽ ትባላለች፤ እኅቴ ይታይሽ። ከሾላ ሜዳ ነን።»

አባቴ ፊታቸው በራ። ሰው ሙታን ፍለጋ ሲመጣበት ደስ አይለውም፤ እሳቸውን ግን ደስ አላቸው፤ የጻፉት ለዚህ ነበር። ልጁን መደብ ላይ አስቀምጠው መዝገቡን ገለጡ። አንድ አንድ ቅጠል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡለት። ነጯ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩአት። አሸተቷት። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነካኩአት።

«ጠፈጠፍ ገብቶበት ነው» አሉ በመጨረሻ። «የእኔ ጥፋት ነው ልጄ። ጣራው መጠገን ነበረበት።»

«ስማቸው እዚህ ላይ ነበር?»

«አላውቅም። ተስቦው ብዙ ነገር ከራሴ ወስዶብኛል። ነበሩም አልነበሩም ብልህ እዋሽሃለሁ።»

«እንግዲያው ሌላ መጠለያ ሄደው ይሆናል» አለ ካሳ። «አልሞቱም ይሆናል።»

እኔ ከበሩ ጀርባ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ፤ ደሴ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ከተናገርኩ አባቴ ስሟን መልሰው ይጽፉታል፤ ከጻፉት ይታይሽ ደሴ ላይ ሆና ትሞታለች። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ለጓደኛዬ ታማኝ የሆንኩ መሰለኝ። ካሳ ለድካማችሁ ብሎ ከስልቻው ሁለት እፍኝ በቆሎ ደጃፋችን ላይ ዘርግፎ ሄደ። እናቴ መልሰህ ውሰድ ብላ ብትለምነው እንቢ አለ። ያን በቆሎ ቀቅለን በላነው።

አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ጣራ መጠገን ያዙ። በየበጋው ይወጣሉ፤ ሣር ይጨምራሉ፣ ይመቱታል፣ ይወርዱና ቀና ብለው ያዩታል። ጣራው አያፈስም ነበር። ሌሊት በተኙበት፣ ጽዱ ሥር ማን ነበር እያሉ ራሳቸውን ሲጠይቁ እሰማቸው ነበር። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሞቱ። በመጨረሻ ሰሞናቸው እኔ ስም እንደማይገድል ከገባኝ ቆይቷል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ገብቼ ነበር። አባባ ያጠብኩት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አሁን ብነግራቸው ምን ያደርግላቸዋል አልኩ። ሰው ሰበብ ከፈለገ አያጣም።

እናቴ ስትሞት መዝገቡን ከሣጥኗ አውጥቼ ለማኅበሩ ወሰድኩ። ጋሽ ገበየሁ ሲያገላብጡ ነጯ ቅጠል ላይ ደረሱና፣ «ይህች ለምን ባዶ ሆነች?» አሉኝ። «እንጃ ጋሼ» አልኩ። ጥቂት አሰቡ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ላልታወቁት ትተውላቸው ነው» አሉ። እንዲያ ሲሉት ከእኔ እውነት ይበልጥ ያምር ነበር። ዝም አልኩ።

በመጀመሪያው ንባብ ከፊት ወንበር አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ያዳምጡ ነበር። ሲያበቃ ወደ ጋሽ ገበየሁ ተጠጉ። «ሁሉም ይኸው ነው? እናቴ ብርሀንነሽ፤ እኅቴ ይታይሽ» ሲሉ ሰማሁ። ነጠላዬን ተከናንቤ በጓሮ በር ወጣሁ። በሚቀጥለው ዓመትም መጡ፤ በሚቀጥለውም። እኔም በየዓመቱ፣ ከንባቡ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ እመጣለሁ። ንባቡ ያበቃል፤ ሰዉ እጄን ይዞ የየኔታ ልጅ ተባረኪ ይለኛል፤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ዘንድሮ ጋሽ ገበየሁ ነጯን ቅጠል ከፍ ሲያደርጉ አቶ ካሳ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ መድረኩ ወጡ። «ልሳለማት» አሉ። «የእናቴ ስም ከሌሎቹ ጋር ካልተገኘ እንግዲህ ከነዚህ ናት። ቁርጡን ሳላውቅ አላለቀስኩላትም፤ ተዝካሯንም አላወጣሁም። አሁን አርጅቻለሁ፤ በዚህች ልሰናበታት።» ጎንበስ ብለው ብራናውን ሳሙት። አዳራሹ አለቀሰ። እኔ ግን ዕንባ እንኳ አልመጣልኝም፤ አፈርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ማኅበሩ ክፍል ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። የዓለምዘርፍ ስልኳን ልታወጣ እጇን ላከችና መለሰችው። ጋሽ ገበየሁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሐረግ» አሉ ስሜን ጠርተው፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሕዝብ ያስነሣሁት ለአንቺ እጣቢ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔም አልመረመርኩም» አሉ። «ደስ የሚል ነገር ሳገኝ አተምኩት። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግብኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።» ከዚያ ወደ የዓለምዘርፍ ዞሩ፤ «ጀብሪል፣ የቆዳ ነጋዴ፣ ሚስቱ በለጡ። ደሴ ማን አለን?»

የዓለምዘርፍ ደወለች። ደሴ ካሉ አዛውንቶች አንዱ ወደ ሌላው መራት፤ ሌላው ወደ ኩታበር። አርባ አራት ዓመት ያልተገኘ ሰው በአራት ቀን ተገኘ። ወይዘሮ በለጡ ዘይነባ ብለው አሳድገዋታል። ኩታበር አግብታ አራት ልጆች ወልዳለች። ሴት ልጇ በስልክ፣ «እማዬ ዘመድ የለኝም ትለን ነበር፤ ያለ ዘመድ ነው የቀበርናት» አለች። የሞተችው የዛሬ አራት ዓመት፣ በሚያዝያ ነው።

የዓለምዘርፍ ስልኩን ዘግታ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጋሽ ገበየሁ፣ «ለካሳ በስልክ አይነገርም» አሉ። «ማኅበራችን ታሪክ ሲሰበስብ እንጂ መርዶ ሲያረዳ አያውቅም። እንግዲህ እንደ ሥርዓቱ ይሆናል።» ቄሱና ሼሁ ተጠሩ። ቄሱ፣ ለሁለተኛዋ ምን እናድርግላት፣ ተዝካር ነው ወይስ ሰደቃ ብለው ሼሁን አዩአቸው። ሼሁም «ሁለቱም ይደረግላታል፤ ወንድሟ የፈለገውን ያድርግ» አሉ። እኔን ማንም ነይ አላለኝም። እሄዳለሁ አልኩ፤ ማንም አትሂጂም አላለኝ።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር፣ ሰው ሥራ ላይ ሳይሠማራ። መኪናው ከሚቆምበት ወርደን በእግራችን ስንደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ቀደም ብሎ ተነግሯቸው በአጥሩ ጥግ ቆመው ይጠብቁናል። አቶ ካሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩን ከፈቱ። ቄስ፣ ሼህና ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ በአገራችን ሁሉም ሰው ያውቃል። አንድ በአንድ አዩንና፣ «ግቡ» አሉ።

ቄሱ የእናታቸውን ነገሩ፤ መቼ እንደሞተች፣ የት እንደተቀበረች። አቶ ካሳ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለዚህኛው ተዘጋጅተው ነበር። ከዚያ ሼሁ፣ «እኅትዎ ያኔ አልሞተችም፤ ኖራለች» አሉ። አቶ ካሳ ቀና አሉ። በሕይወቴ የሰው ፊት እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም፤ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ሼሁ የቀረውን ቶሎ ጨረሱላቸው። ሴቶቹ ከውጭ እሪ አሉ። አቶ ካሳ የአርባ አራት ዓመት ለቅሶ በአንድ ማለዳ አለቀሱ፤ አንዴ እናቴ፣ አንዴ እኅቴ እያሉ፣ ሁለቱ ዛሬ በአንድ ቀን የሞቱ ይመስል።

ሲበርድላቸው ፊታቸው ተንበርክኬ የእኔን ነገርኳቸው። ጠበሉን፣ ቅሉን፣ የቆዳ ነጋዴውን፣ በስልሳ ስምንት ከበር ጀርባ መቆሜን። የልጅነቱን ስነግራቸው አላቋረጡኝም። «ሕፃን ነበርሽ» አሉ፤ «ሕፃን ምን ያውቃል።» ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር።

«መቼ ነው የሞተችው አላችሁኝ?» አሉ።

«የዛሬ አራት ዓመት፣ በሚያዝያ» አልኳቸው።

ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን ከአውራ ጣት ጀምረው አንድ በአንድ አጠፉ። እጃቸው ጭብጥ ሆነ።

«ከዚያ በፊት አምስት ኅዳር መጥቻለሁ» አሉ። «እሷ ኩታበር እያለች። አንቺስ አዳራሹ ውስጥ ነበርሽ?»

«ነበርኩ» አልኩ።

«አምስቱንም?»

«አምስቱንም» አልኳቸው።